ስማችሁ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈባችሁ ሁሉ፣ ጠይቁኝ

አወያይ፦ ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት አመሻችሁ? የዛሬዋ መላሻችን ከራሳችን ከአባላቱ ናቸው። ብዙዎቻችሁ «እትዬ» ነው የምትሏቸው። ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ውስጥ 17 ዓመት ሠርተዋል። በመርፌ ጀምረው የላይን (ልብሱ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ የሚሰፋበት የማሽኖች መስመር) ኃላፊ ሆኑ፤ አሁን አዲስ ገቢዎችን ያሠለጥናሉ። ርዕሱ ባለፈው ሳምንት ያጨቃጨቀን ነው፦ ሠራተኛን ከሠራተኛ ማፎካከር ምን ያበላሻል? አንድ ሰው አንድ ጥያቄ።

እትዬ፦ እሺ። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት አለሁ። መጀመሪያ ሁለት ነገር። የመሥሪያ ቤታችሁን ስም አትጻፉ፣ የአለቃችሁንም። እኔም የነበርኩበትን አልጠራም። ሌላው፣ «ውድድር ጥሩ ነው መጥፎ?» ብላችሁ አትጠይቁኝ። ምን እንደሚቆጠር፣ ማን እንደሚቆጥር፣ ያሸነፈ ምን እንደሚያገኝ ንገሩኝ። እሱን ካላወቅሁ የምመልሰው የለኝም።

የሐይቅ ልጅ፦ እትዬ እንደምን አመሹ። ውድድር ጥሩ ነው መጥፎ?

እትዬ፦ ከላይ የጻፍኩትን አንብብ።

ጢጣ፦ እኔ ስፌት ነኝ፣ ሰባት ወሬ። ላይናችን ላይ የእያንዳንዳችን ስም ከነቁጥሩ በየቀኑ ይለጠፋል። በወር አንደኛ የወጣች ቦነስ አላት። ድሮ እየተሳሳቅን ነበር የምንሠራው፤ አሁን መቀስ እንኳ አንዋዋስም። የሚገርመኝ ግን ምርቱ አልጨመረም። ሁላችንም እየሮጥን ለምን አይጨምርም?

እትዬ፦ አየህ የሐይቅ ልጅ፣ ጥያቄ እንዲህ ነው።

እህቴ፣ ሸሚዝ አንድ ሰው አይሰፋውም። አንዷ ኮሌታ ትሰፋለች፣ አንዷ እጅጌ ትገጥማለች፣ አንዷ ጎን ትዘጋለች። እንበል ኮሌታዋ በሰዓት 60 ታወጣለች፣ እጅጌዋ 40፣ ጎን የምትዘጋዋ 50። ከላይኑ ጫፍ በሰዓት ስንት ሸሚዝ ይወጣል? 40። ኮሌታዋ ተፎካክራ 80 ብትደርስስ? ያው 40። የተረፈው ኮሌታ ሣጥን ውስጥ ይቆለላል። ይቆሽሻል። ትልቅና ትንሽ ሳይዝ ይቀላቀላል። ስፌቱ ስህተት ካለውም የሚታወቀው 200 ከተሰፋ በኋላ ነው፤ ያን ሁሉ መፍታት ነው እንግዲህ። ሰሌዳው ላይ ግን ልጅቱ አንደኛ ናት፣ ይጨበጨብላታል።

ለላይኑ የሚበጀው ኮሌታዋ ለሃያ ደቂቃ ተነስታ እጅጌዋን ብታግዝ ነበር። ብትነሳ ግን የሷ ቁጥር ይወርዳል። ስለዚህ አትነሳም። ማን ይፈርድባታል? አትነሺ ያላት ሰሌዳው ነው።

መቀሱን ስላነሳሽ አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። አንዲት የኮሌታ ልጅ ነበረችኝ። እጇ ፈጣን ነው፤ ሚስጥሩ ግን እጇ ብቻ አልነበረም። ከብስኩት ካርቶን ጣት የምታክል ቁራጭ ቆርጣ መርፌው ጎን በፕላስተር ለጥፋታለች። የኮሌታው ጠርዝ ካርቶኗን እየታከከ ያልፋል። በዓይን መለካት የለ፣ ማመንታት የለ። ጎኗ ላለችው ልጅ አሳይታት ነበር፤ «ነገ ላንቺም ቆርጬ አመጣልሻለሁ» ብላታለች። በዚያው ሳምንት ሰሌዳው ተሰቀለ። ከዚያ ወዲያ ለምሳ ስትነሳ ካርቶኗን ላጥ አድርጋ ኪሷ ትከታለች። ሻይ ስትወጣ ትልጣለች። ሽንት ቤት ስትሄድ ትልጣለች። ፕላስተሩ ክር እየለቀመ፣ አልጣበቅ እስኪል ድረስ።

አልተቆጣኋትም። ምን ብዬ? ሰሌዳውን ሚስማር መትቼ የሰቀልኩት እኔ ነኝ።

አለቆች ካላችሁ እዚህ፣ አንድ ጊዜ እላለሁ፦ ስም አትለጥፉ። የላይኑን ጠቅላላ ቁጥር ለጥፉ፣ የስህተቱን ብዛት ለጥፉ። ስም ግን አትለጥፉ።

ሸዋ በር፦ ታዲያ ሰነፍና ጎበዝ እኩል ሊሆኑ ነው? ይሄ እኮ ነው አገራችንን ያደኸየው።

እትዬ፦ እኩል ይሁኑ አልወጣኝም። ጎበዟን እርከን ጨምርላት፣ አሠልጣኝ አድርጋት። ሰነፉን ለብቻ ጠርተህ አነጋግረው። ለሁለቱም ሰሌዳ አያስፈልግህም።

ጡረተኛው፦ እህቴ፣ እኔ በደርግ ጊዜ ፋብሪካ ሠርቻለሁ። ኮከብ ሠራተኛ ይባል ነበር። ይሸለማል፣ ፎቶው ይሰቀላል። ሰውም ተግቶ ይሠራ ነበር። የዛሬ ልጅ ስልኩን ነው የሚያሻሽ።

የሐይቅ ልጅ፦ ጋሼ እርስዎም አሁን ስልክ ላይ ነዎት እኮ 😂

ጡረተኛው፦ እኔ ጡረታ ላይ ነኝ። መብቴ ነው።

እትዬ፦ ጋሼ፣ የኮከብ ሠራተኞች ሁሉ አውራ ስታካኖቭ ነው። የሶቪየት ከሰል ቆፋሪ። እ.ኤ.አ. በ1935 በአንድ ፈረቃ 102 ቶን ከሰል አወጣ ተባለ፤ ኮታው 7 ቶን ነበር። ዓለም ጉድ አለ። ግን አሠራሩን ይዩት። ቀድሞ ቆፋሪው ራሱ እየቆመ ጣሪያው እንዳይደረመስ እንጨት ይደግፍ ነበር። በዚያ ሌሊት እሱ ሲቆፍር ብቻ፣ ድጋፉን ከኋላው ሌሎች ሰዎች ይሠሩለት ነበር። እንግዲህ 102ቱ ቶን የአንድ ሰው ነው ወይስ የቡድን? ሜዳልያው የአንድ ሰው ሆነ። ከዚያ በኋላ የሌላውም ቆፋሪ ኮታ ተሰቀለበት፤ እንጨት ደጋፊ ያልተሰጠውም ጭምር። የእርስዎ ፋብሪካ ኮከብ ማሽኑ ሲቆም ማን ነበር የሚጠግንለት? ፎቶው ተሰቀለ?

ጡረተኛው፦ መካኒኩ? ኧረ አልተሰቀለም። እውነትሽን ነው። ግን ልጆቹ ስልካቸውን ይተዉ።

ወልድያ፦ እኔ አልስማማም። እኛ አገር ደቦ ላይ እንኳ ፉክክር አለ። ማን ቀድሞ ዳር ደረሰ ነው፤ ዘፈኑም ፉከራውም ለዚያ ነው። ሥራን ሥራ የሚያደርገው እሱ ነው።

ሆጤ፦ ያልከው ወንፈል ነው፣ ደቦ አይደለም። ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ ላንተ፣ ነገ ለኔ። ደቦ ጠርቶ አብልቶ አጠጥቶ ነው።

ወልድያ፦ እኛ ጋ ሁለቱንም ደቦ ነው የምንለው።

ሆጤ፦ ተሳስታችኋላ።

ባቲ ሰኞ፦ እኛ ጋ ደግሞ ጅጌ ነው።

ሆጤ፦ ጅጌ ሌላ ነው!

አወያይ፦ ወገኖች፣ እባካችሁ። የቃሉን ነገር ሌላ ቀን።

እትዬ፦ ስሙ ምንም ይባል፣ ወልድያ ያለው እውነት አለው። ፉክክር አለ። ግን ቀድሞ ዳር የደረሰው ምን ያደርጋል? ዞሮ የኋለኛውን ያግዛል። እርሻው አንድ ነው፣ ዝናቡ ለሁሉም እኩል ነው የሚመጣው። ደግሞስ ቀድሞ የደረሰው የሚበላው ያው ከአንዱ መሶብ አይደል? ፉከራው ለጨዋታ ነው። ኋላ የቀረው ከእንጀራው ይቀነስ ቢባል ግን፣ በነጋታው ማጭድ መደባበቅ ይጀመር ነበር።

ባቲ ሰኞ፦ ወላሂ ልክ ነው። ቅሬ (ዕድራችን) ላይም «ማን የበለጠ አለቀሰ» ተብሎ አይለጠፍም።

እትዬ፦ 😂 እሱን ለአለቆች እንዳታሰማ።

ገንዘብ ቤት፦ እትዬ፣ እኔ ደሴ ባንክ ነኝ። ለእያንዳንዳችን የተቀማጭና የአዲስ አካውንት ታርጌት አለን። ደረጃችን በየማታው በቅርንጫፉ ግሩፕ ላይ ይላካል። የአንዱን ደንበኛ ሌላው ይነጥቃል። የአክስቴንና የአጎቴን ልጆች ሁሉ አስከፍቼ ጨርሻለሁ፤ አሁን የቀረኝ ሰሞኑን የተወለደው ነው። ምን ላድርግ?

እትዬ፦ ሕፃኑን ተይው። አንቺን የማስጠነቅቅሽ ሌላ ነገር ነው።

ዌልስ ፋርጎ የሚባል የአሜሪካ ባንክ አለ፣ ከትልልቆቹ አንዱ። ቆጠራው ላንድ ደንበኛ ስምንት አገልግሎት መሸጥ ነበር። በቀን በቀን ይቆጠራል፣ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ይወዳደራል። ስምንት አገልግሎት የሚፈልግ ሰው ከየት ይመጣል? ሠራተኞቹ ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ አካውንት መክፈት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲፈነዳ ያለ ፈቃድ ተከፈቱ የተባሉት ወደ 2 ሚሊዮን ይጠጉ ነበር፤ በኋላ 3.5 ሚሊዮን ደረሰ። ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ወደ 5,300 ሠራተኛ ተባረረ። ልብ በይ፣ መጀመሪያ የተባረረው ታርጌቱን ያወጣው አይደለም፤ መስኮት ላይ የነበረው ነው።

ስለዚህ፦ ደንበኛው ፊትሽ ሳይቆም፣ በአንደበቱ ሳይጠይቅ፣ ምንም ፎርም አትሙዪ። «ለዛሬ ቁጥር ብቻ ነው፣ ነገ እንዘጋዋለን» የሚልሽ ካለ በጽሑፍ ይበልሽ። በጽሑፍ አይልሽም።

ሁለተኛው ነገር ያልተቆጠረው ነው። አንድ አዛውንት ደብተራቸው ጠፍቶባቸው ቢመጡ፣ እሳቸውን ማገልገል ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ስንት ነጥብ ያስገኝልሻል?

ገንዘብ ቤት፦ ዜሮ። እውነቱን ልንገርዎ፣ እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲመጣ ሁላችንም ኮምፒውተር ላይ እናቀረቅራለን።

እትዬ፦ በቃ። ያንን በስብሰባ ላይ እንዳልሽው ተናገሪው። «ደከመን» ከማለት ይሻላል።

ፒያሳ ሱቅ፦ ልብስ ሱቅ ውስጥ ሁለት ሻጮች ነን፣ ኮሚሽን አለን። ደንበኛ ከበር ሲገባ እንጋፋለን።

እትዬ፦ ኮሚሽኑን ለሁለት ተካፈሉት። ባለቤቱ እንቢ ካለ በተራ ተቀበሉ። ቀጣይ።

ቢሮ ያለሁ፦ የኛ ኃላፊ ከአስሩ ሰው አንዱ የግድ «ዝቅተኛ» መባል አለበት ብሏል። ሁላችንም ጥሩ ብንሠራስ?

እትዬ፦ ሁላችሁም ጥሩ ብትሠሩም አንዱ ይወድቃል። ጨዋታው እሱ ነው። ማይክሮሶፍት እንዲህ አድርጎ ለዓመታት ሰውን ሲደረድር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ተወው። እስቲ አስበው፣ ከታች የሚወድቅ ሰው የግድ ካለ፣ ብልህ ሰው ምን ያደርጋል? ከጎበዝ ጋር አንድ ቡድን አይገባም። ደካማ አጠገቡ ይፈልጋል። አዲስ ገቢ ሲመጣ አያስተምረውም። ለሱ መውደቂያ ትራስ ነዋ። አንተም ሳታውቀው ጀምረህ ይሆናል፤ ራስህን ተመልከት።

ቢሮ ያለሁ፦ ... አዲሷን ልጅ ፋይሉ የት እንዳለ አላሳየኋትም ባለፈው።

እትዬ፦ ነገ አሳያት።

የሐይቅ ልጅ፦ እኔ ነኝ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ያለሁት። ሊያባርሩኝ ይችላሉ?

እትዬ፦ ይሄ የሕግ ጥያቄ ነው። የሙከራ ጊዜህን ጨርሰሃል? 60 የሥራ ቀን ነው። ከጨረስህ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ን ይዘህ ወደ ሠራተኛ ማኅበራችሁ ሂድ። ምዘናህን በእጅህ ያዝ፣ ቅጂ። ደግሞ አንድ ሰው አንድ ጥያቄ ተብሏል።

ቦርከና፦ እኔ የተገላቢጦሽ ነው ችግሬ። ነባሮቹ «በጣም አትፍጠኚ» ይሉኛል። ከ50 በላይ ካወጣሁ ያኮርፉኛል። ይሄስ ቅናት አይደለም?

እትዬ፦ አይደለም፤ ወይም ቅናት ብቻ አይደለም። አንቺ 70 ስታወጪ በሚቀጥለው ወር የሁሉም ታርጌት 70 ይሆናል። እነሱ ይህን አይተውታል፤ አንቺ ገና ነሽ።

አሜሪካ ቺካጎ አጠገብ ሃውቶርን የሚባል ፋብሪካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 እና 1932 ተመራማሪዎች 14 ወንዶች የሚሠሩበትን አንድ ክፍል ቁጭ ብለው ታዘቡ። የስልክ ሽቦ የሚያያይዙ ናቸው። ክፍያው በብዙ ሲሠራ የሚጨምር ነው። ሰዎቹ ግን የቀኑን ልክ ለራሳቸው ወስነዋል። ከልኩ ያለፈ ሰው ጓደኛው ክንዱ ላይ በቡጢ ነረት ያደርገዋል። በጣም ያነሰውንም አይወዱትም ነበር። እና ይሄ ስንፍና አልነበረም፤ ታርጌት እንዳይሰቀልባቸው፣ ሥራ አልቆ እንዳይባረሩ የተሠራ አጥር ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጊ። ነባሮቹን «የስንት ጊዜ ታርጌት ተሰቅሎባችኋል?» ብለሽ ጠይቂ፤ ታሪኩን ይነግሩሻል። ኃላፊሽን ደግሞ «ፈጥነን ብንሠራ ታርጌቱ ለስንት ጊዜ አይነካም?» በይ። መልስ ከሌለው ነባሮቹ ልክ ናቸው። አብሽሪ፣ ቡጢ የለም እኛ ጋ። ማኩረፍ ብቻ ነው።

ሸዋ በር፦ ይቅርታ እትዬ፣ ግን ቻይናና ኮሪያ በፉክክር አይደል ያደጉት? ይሄ የእርስዎ ሐሳብ ትንሽ...

እትዬ፦ ድርጅት ከድርጅት ይፎካከር፣ ማን ከለከለ። እኔ የማወራው አንድ ሸሚዝ አብረው ስለሚሰፉ ሰዎች ነው። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው።

ጢጣ፦ ላይን ከላይን ቢሆንስ? ስም ሳይኖር።

እትዬ፦ ይሻላል፣ ግን እሱም ዓይን ይፈልጋል። እኔ ጋ ሁለት ላይን ተፎካክሮ አንደኛው የነጭ ክር ጥቅልል ከመስኮት ሥር ደብቆ ተገኝቷል፤ ሌላኛው ክር አጥቶ ግማሽ ቀን ቆመ። ሽልማቱ አንድ ካርቶን ለስላሳ ነበር። ለአንድ ካርቶን ለስላሳ! ሽልማት ካለ ሁለቱም ላይን ከጠቅላላው እንዲያገኝ አድርጉ።

መምህር፦ እትዬ፣ ተማሪዎችን በደረጃ ማውጣትስ? 1ኛ፣ 2ኛ...

እትዬ፦ ተማሪ ሠራተኛ አይደለም። ሌላ ቀን፣ ሌላ ሰው።

ጽሕፈት ቤት፦ አለቃዬ ለብቻዬ ጠርቶ «የማምነው አንቺን ብቻ ነው፣ እሷን ጠብቂልኝ» ይለኛል። ለጓደኛዬም ስለ እኔ ያንኑ እንደሚላት ደረስኩበት።

እትዬ፦ እንዴት ደረስሽበት?

ጽሕፈት ቤት፦ ቡና ላይ። ሁለተኛው ላይ እሷ ነገረችኝ። ሦስተኛው ላይ እኔ ነገርኳት።

እትዬ፦ እንግዲህ መድኃኒቱን አግኝታችኋል። ይሄ ሰሌዳ የሌለው ሰሌዳ ነው፤ ቆጣሪው አለቃው ብቻ ነው፣ ቁጥሩንም ማንም አያየውም። እንዲህ ያለ አለቃ የሚኖረው ሁለታችሁ ስለማትነጋገሩ ነው። አትጋፈጡት። ዝም ብላችሁ ተነጋገሩ። በሚቀጥለው «ጠብቂልኝ» ሲልሽ «አብረን እንምጣና ንገሩን» በይው፣ በትሕትና። ፊቱን እዪው።

ካይዘን፦ እኛ ጋ ካይዘን (ሠራተኛው ራሱ በሚያመጣው ሐሳብ ሥራን በትንሽ በትንሹ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ) አለ፣ 5ማም (የሥራ ቦታን የማደራጃ አምስቱን ደንቦች) ለጥፈናል። ሐሳብ የሚያመጣ ግን የለም።

እትዬ፦ ሐሳብ ያመጣ ሰው ስሙ ከማን ጋር ይወዳደራል? እሱን አጣራ። ካርቶኑን ኪሱ የከተተ ሰው ሐሳብ አያመጣም።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ አሁን ነው የገባሁት። በአጠቃላይ በሠራተኞች መካከል ውድድር ቢኖር ጠቃሚ ነው ወይስ ጎጂ?

እትዬ፦ አወያይ፣ እባክህ።

አወያይ፦ ወንድም፣ ወደ ላይ ውጣና አንብብ 🙏

ሆጤ፦ ጅጌ ግን በእውነት ከደቦ ይለያል።

አወያይ፦ ሆጤ!

ቦርከና፦ የመጨረሻ ከሆነ እኔ ልጠይቅ። ካርቶኗ ልጅስ ምን ሆነች?

እትዬ፦ ሰሌዳውን ያወረድኩት ከአምስት ወር በኋላ ነው። ምርቱ ስላልጨመረ እንጂ ጎበዝ ሆኜ አይደለም። እሷ ግን ቀድማ ለቃለች፤ ሳዑዲ ሄደች። ካርቶኗንም ይዛት የሄደች መሰለኝ፣ ማሽኑ ላይ የፕላስተሩ ሙጫ ብቻ ነው የቀረው። ጎኗ የነበረችው ልጅ ባየችው ልክ ከትዝታዋ ቆርጣ ሠራች፤ ዛሬ ሁሉም የኮሌታ ማሽን ላይ አለች። አንድ ሚሊ ያህል ትሳሳታለች። እስካሁን በእጅ ነው የምናስተካክለው።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ደህና እደሩ።